ሽማግሌ የተላከባት መኪና

ሽማግሌ የሚላከው ወይ ለጋብቻ ነው ወይ ለእርቅ። እኔ ላይ የተላከው ግን ለመኪና ነው። ይህን ሳወራ የሚስቅ ሰው ብዙ ነው፤ ይሳቅ። እኔን እስከ ዛሬ አላሳቀኝም።

መኪናዋ ሁለት በር ናት፤ ወደ መሬት ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማታንስ የጃፓን ስፖርት መኪና። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንደ እሷ ያለች ሌላ የለችም፤ አለች የሚል ካለ ያሳየኝ። የገዛኋት ሀብታም ስለሆንኩ አይደለም። መንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ውስጥ የመንገድ ምልክትና የሞተር ትምህርት የምታስተምር ሴት ሀብቱን ከየት ታመጣዋለች? የገዛኋት ርካሽ ስለነበረች ነው፤ ርካሽ የሆነችውም ማንም ስለማይፈልጋት ነው። እኛ አገር አራት በር ያላት መኪና፣ ትንሽም ትሁን፣ አሮጌም ትሁን፣ ዋጋዋ አይቀመስም። ሁለት በር ስትሆን ግን ገዢው ዞር ብሎ አያያትም። "ዘመድ የት ሊቀመጥባት ነው?" ይላል።

እኔ ዘመድ የት እንደሚቀመጥ ገና ሳልገዛት ወስኜ ነበር። አንዱ ወንበር የእኔ፣ ሌላው የአባቴ። የኋላው ለስሙ ነው እንጂ ከአንድ ጆንያ ሽንኩርት በላይ አይችልም።

አባቴ አምበር አጠገብ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ መንደር፣ ስንዴና ጤፍ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። በጉልምስናቸው ግን ፈረሰኛ ነበሩ። በበዓል ቀን ጉግስ ሲጋለብ ፈረሳቸውን የሚቀድም አልነበረም ይባላል። ልጅ ሆኜ እኔም አይቻቸዋለሁ፤ ድንጋይ ላይ ሳይወጡ፣ ሰው እርካቡን ሳይዝላቸው፣ ብድግ ብለው ኮርቻው ላይ ጉብ ሲሉ። "ፍጥነት መውደድን ከማን አመጣሽው?" ለሚሉኝ ሁሉ መልሱ ይኸው ነው። ፈረሱን ከሸጡት ቆዩ፤ ከዚያ ወዲህ በእግራቸው ነው የሚሄዱት፣ ሲርቅ በሚኒባስ ተጨናንቀው። እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው። አጠገቤ አስቀምጫቸው፣ ከአምበር እስከ ማርቆስ ያለውን አስፋልት አንድ ጊዜ እንደ ፈረሳቸው ዘመን እንዲያዩት። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

መኪናዋን ለማየት አዲስ አበባ ሄድኩ። ደላላው ገና ሲያየኝ "ባለቤትሽ አልመጣም?" አለኝ። "ባለቤቷ ልሆን የመጣሁት እኔ ነኝ" አልኩት። አፈረ መሰላችሁ? ወዲያው ማሞገስ ጀመረ፤ "የሴት እጅ ናት፤ አንዲት ሴት ብቻ ናት የነዳቻት።" ተመልከቱ እንግዲህ! ሊሸጡ ሲሆን ሴት መንዳቷ ምስጋና ነው፤ ሴቲቱ ልትገዛ ስትመጣ ግን ባሏ ይፈለጋል።

ኮፈኑን በእጄ ነካሁት። ትኩስ ነው። ሞተሩን ቀድመው አሙቀውታል። የአሮጌ ሞተር ነውር የሚታየው ጠዋት፣ በብርድ ሲነሳ ነው፤ ከሞቀ በኋላማ ሁሉም ጨዋ ነው። "ነገ በጠዋት እመጣለሁ፤ እኔ ሳልደርስ እንዳታስነሷት" ብዬ ሄድኩ። በማግስቱ ራሴ አስነሳኋት። ትንሽ ነጭ ጭስ ወጣና ጠፋ። ሰማያዊ ቢሆን ኖሮ ዘይት ትበላለች ማለት ነበርና ትቻት እሄድ ነበር። ከተበላሸ ስፒከር የፈታሁትን ማግኔት አውጥቼ አካሏን እየነካካሁ ዞርኳት፤ ማግኔቱ አልይዝ ያለበት ቦታ ተጋጭቶ በስቱኮ የተሞላ ነው። ያንሸራተተው በአንድ በኩል በሯ ሥር ብቻ ነበር። ምንጣፏን ገልጬ ዝገት ፈለግሁ፣ የዘይት ክዳኗን ከፍቼ አየሁ። "እህቴ፣ መኪና እየገዛሽ ነው ወይስ ሬሳ እየመረመርሽ?" አለኝ ደላላው። ዋጋ ተቆርጦ ከፈልኩ። ያን ቀን ከሰዓት መሪዋን ይዤ አባይ በረሃን ወረድኩ፣ ወጣሁ፤ ማርቆስ ስደርስ የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ከመሃል ንቅንቅ አላለም ነበር።

አሮጌ ስፖርት መኪና መያዝ ምሥጢር የለውም፤ የሚፈልገው ቀልብ ነው። ዘይቷን ሳይጠቁር እቀይራለሁ። የማርቆስ የጠዋት ብርድ አጥንት ይሰብራልና እንዳስነሳኋት አልጋልባትም፤ እስክትሞቅ እጠብቃታለሁ። ካንዴላዎቿን ራሴ ፈትቼ አጸዳለሁ። በየከተማው መግቢያ ነዋሪው በአፈርና በድንጋይ የሚከምረውን ጉብታ ፊት ለፊት አልወጣውም፤ በአግድም አድርጌ አንድ በአንድ ጎማ አሳልፋታለሁ። በዚህ ዘዴ ማርሚታዋ፣ ያ የጭስ ማውጫዋ፣ መሬት የሚነካው ከስንት አንዴ ነው።

መካኒኬ ግን ይህ ሁሉ አይገባውም። ጋራዡ ስገባ የመጀመሪያ ቃሉ "ከፍ እናድርጋት" ነው። ይህ የጋራዦቻችን ሁሉ በሽታ ነው። የመጣችው መኪና ምንም ትሁን፣ ከሞላዋ ሥር ወፍራም ጎማ ሰክተው እንደ ፍየል ያቆሟታል። "ዝቅ ያለችው እኮ ኩርባ ላይ መሬቱን እንድትይዝ ተብላ ነው" ስለው፣ "እሱ ለነሱ አገር መንገድ ነው" ይለኛል። መንጃ ፈቃዱን እኔ ዘንድ ተምሮ ያወጣ ሰው ነው እኮ! ኩርባ ላይ መኪና ለምን እንደሚገለበጥ ሰሌዳ ላይ ሥዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ጥምቀት ደረሰ። በዋዜማው መንደራችን አደርኩና ጠዋት አባቴን ይዤ ወደ አምበር ለመውረድ መኪናዋን ደጃፉ ላይ አቆምኩ። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። አንዴ መኪናዋን፣ አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ ገደል እንደሚወርድ ሰው ጣሪያውን ይዘው፣ ወደ ኋላቸው ዘፍ ብለው ገቡ። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ መጀመሪያ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አጥብቀው ያዙ። ማርሽ ጨመርኩ። በዓይኔ ጥግ ሳያቸው ጥርሳቸው ታየ፤ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው ብቻ፣ "ቼ!" አሉ። ደስታዬን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ደስታዬ ግን አምበር እስክንደርስ ነበር። ሕዝቡ ታቦት ሊሸኝ ነጭ በነጭ ሆኖ ተሰብስቧል። እኔ ቀድሜ ወረድኩ። አባቴ በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን አወጡና ሊነሱ ሲሉ አልቻሉም። ደግመው ሞከሩ፤ አልቻሉም። ጋቢያቸው ከሥራቸው ተጠመጠመ። ከወዲያ በኩል አንዱ ጎረምሳ "የወደቀ በሬ አንሱ!" ብሎ ጮኸ፤ ሳቅ ሆነ። እኔ ዞሬ ሳልደርስላቸው ሁለት ሰዎች በብብታቸው ገብተው እንደ ጆንያ ጎትተው አወጧቸው። እኔ የሳቁት ላይ ጮህኩ፤ በታቦት ፊት አፌ ያመጣውን ሁሉ ተናገርኩ። "ተይ" አሉኝ አባቴ። ጋቢያቸውን አራግፈው አጣፉ። ማታ ሲመለሱ "ትንሽ ነፋስ ልቀበል" ብለው በእግራቸው ነው የሄዱት። ነፋስ ፈልገው መስሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ፣ ጥር ገና ሳያልቅ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የግቢዬ በር ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አንዱ የነፍስ አባታችን ናቸው፣ አንዱ የአባቴ ጎረቤት ናቸው፣ ሦስተኛው ከመንደሩ የማውቃቸው ዝምተኛ ሽማግሌ። ጥር መሆኑን ልብ በሉ! በጥር ሦስት ሽማግሌ ያላገባች ሴት ደጅ ከቆመ ጉዳዩ ይታወቃል። ጓዳ ገብቼ ሻሼን አስተካከልኩ፤ "ማን ይሆን?" እያልኩ በሐሳቤ የማርቆስን ወንድ ሁሉ ቆጠርኩ። ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ሳይሆን እየተናደድኩ ነው።

"ግቡ፣ ተቀመጡ አባቶቼ" አልኩ።

"አንቀመጥም" አሉ ጎረቤታችን። "እሺታሽን ሳንሰማ ውኃም አንቀምስ። አባትሽ ነው የላከን። አንድ ነገር ልንለምንሽ ነው የመጣን።"

"ይንገሩኛ፣ ምንድን ነው?"

ጎረቤታችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "መኪናዋን ሽጫት።"

መጀመሪያ የሰማሁት አልመሰለኝም። ከዚያ ደሜ ፈላ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩ። ምክንያቱን አንድ በአንድ አወረዱት። ሰው ምን ይላል? የልጅቱ መኪና እንደ ጅብ መሬት ላይ ተለጥፋ ነው የምትሄድ። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ወገን የማትጭን፣ ለብቻ የመኖር መኪና ናት። ለቅሶ ቢሆን ሰው አይሄድባት፣ ሠርግ ቢሆን ሚዜ አይገባባት። ስለ አባቴ አንድም ቃል አልተነሳም። በገዛ ላቤ የገዛኋትን፣ ማንንም ያላስቸገረችውን መኪና ለሰው ወሬ ስል ልሽጥ! ወንድ ብሆንና ብገዛት ኖሮ "ጎበዝ" ይሉኝ ነበር፤ ሽማግሌ ቀርቶ ውሻም አይላክብኝም ነበር።

"አልሸጥም" አልኩ። "ከእግራችሁ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ግን አልሸጥም።"

አልተቀመጡም፤ አልሄዱም። ሽማግሌ እንዲህ ነው፤ ይቆማል። ዝምተኛው ሽማግሌ መቆም ደክሟቸው በሁለት እጃቸው ከዘራቸው ላይ ተንጠለጠሉ። ያን እያየሁ እስከ መቼ ልጸና እችላለሁ? በመጨረሻ የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛውረው ፈረዱ።

"ሽጭም አንልሽም፤ እንዲሁ ትሁንም አንልም። ከፍ ትበል። ጥቂት፣ አንድ ጣት ያህል። ለእኛ ስትዪ።"

ሽማግሌ ነገሩን ከመሃል ሳይከፍል አይሄድም፤ ከብትም ይሁን ድንበር ለሁለቱም እኩል ያካፍላል። የመኪና ሞላ ግን እኩል አይካፈልም። ይህን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን "እሺ" ነው። ወዲያው ተቀመጡ፣ ያቀረብኩትን በሉ፣ መረቁኝ። "እግዜር ያክብርሽ" ብለው ሄዱ። እኔ የበሉበትን ሳህን ሳጥብ አንዱን ሰበርኩት፤ አውቄ ነው።

መካኒኩ ቀድሞ ሰምቶ ነበር። ከተማው ሁሉ ሰምቶ ነበር። "አንድ ጣት" አልኩት። "ሽማግሌ ካሉማ አንድ ጣት ምን ያደርጋል?" አለና አንድ ስንዝር አደረጋት። ሲያወጣት ሳያት አላወቅኋትም። በሰው ጫማ የቆመች ልጅ ትመስል ነበር።

በማግስቱ አባቴን ላሳያቸው ወደ አምበር ነዳሁ፤ ደስ ይላቸዋል ብዬ። አንድ ኩርባ ላይ ስደርስ ከፊቴ እህል የጫነ አይሱዙ መጣ። መሪውን ትንሽ ወደ ቀኝ ባደርገው መኪናዋ እንደ ሰካራም ተንገዳገደች። የቀኝ ጎማዎቿ ከአስፋልቱ ወጥተው ኮረት ላይ ተንሸራተቱ፤ ፍሬን እየነካሁ፣ እየለቀቅኩ ያዝኳት፤ አፍንጫዋን ወደ ገደሉ አድርጋ ቆመች። የአይሱዙው ሾፌር ወርዶ "ደህና ነሽ?" አለኝ። እጄ መሪውን አልለቅም ብሎ ነበር። ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቱ ሲያልፍ ግን ቁጣው መጣ። የማውቀውን፣ በየቀኑ የማስተምረውን ነገር፣ ለይሉኝታ ብዬ ልሞትበት ነበር።

አዙሬ፣ እንደ ሽማግሌ እያዘገምኩ፣ ጋራዡ ደረስኩ። "የሰካኸውን ጎማ አውጣልኝ" አልኩት። "ሽማግሌ ልታፈርሺ?" አለ። "ሽማግሌዎቹ መሪ ይዘው ያውቃሉ?" አልኩት። ጎማዎቹን ፈትቶ እስኪያወጣ ከራሱ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ አምበር ገባ። አባቴ በጎረቤታችን ስልክ አስደወሉ፤ ራሳቸው አላናገሩኝም። "ሽማግሌ ያፈረሰች ልጅ እኔ ቤት ምን ትሠራለች? ብሏል አባትሽ" አሉኝ ጎረቤታችን። ጾሙ ገባ። እኔ እደውላለሁ፤ "ደህና ነው፣ እርሻ ላይ ነው" ይሉኛል። መቼ ነው በዚያ ወራት እርሻ ያለው? አጨዳውም ውቂያውም አልቋል። አልቅሻለሁ፤ አልደብቅም። የበለጠ ግን ተቆጥቻለሁ። ለአባቴ ብዬ የገዛኋት መኪና አባቴን ወሰደችብኝ፤ ሁለተኛው ወንበር ጾሙን ሙሉ ባዶውን ከማሰልጠኛ ቤት፣ ከቤት ማሰልጠኛ ተመላለሰ።

ለፋሲካ ግን አልቀርም አልኩ። ቢያባርሩኝም ከፊታቸው ቆሜ ልባረር። ዝቅ ባለች መኪናዬ፣ ቀስ ብዬ፣ መንደራችን ደረስኩ። በራችን ጋ ስደርስ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። መኪናዬን የማቆምበት ቦታ አጥሩ ሥር ተቆፍሯል፤ አፈሩ በአንድ በኩል ተከምሯል። እንዳልገባ! ለገዛ ልጃቸው፣ በፋሲካ፣ ጉድጓድ ቆፈሩልኝ! ከመኪናው ወርጄ መጮህ ጀመርኩ፤ ጎረቤት እስኪወጣ ጮህኩ።

አባቴ ከቤት ወጡ። አዲስ ጋቢ ለብሰዋል። ወደ ጉድጓዱ መጡና፣ ያላስተዋልኳቸውን ሁለት የአፈር ደረጃዎች፣ በከዘራቸው ተደግፈው ወረዱ። እስከ ጉልበታቸው ድረስ ገብተው ቆሙ።

"አምጫት" አሉኝ። "ጠጋ አድርጊያት።"

ምን እንደሆነ ሳይገባኝ መሪ ይዤ ተጠጋሁ፤ የቀኝ ጎማዎቿን ጠርዙ ላይ አሰለፍኩ። አባቴ በሩን ከፈቱ። ወንበሩ ወገባቸው አጠገብ ሆኖ ነበር። ጎንበስ ሳይሉ፣ ጣሪያውን ሳይዙ፣ አልጋ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ተቀመጡ። እግራቸውን አስገቡ። በሩን ዘጉት።

ጥምቀት፣ ያ ሳቅ፣ በእግር የሄዱት መንገድ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ።

"ጉልበትዎ ነው?" አልኩ። "ጉልበትዎ ነበር እንዴ? ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ሽማግሌ ልኬብሽ የለም?"

"እነሱ ስለ ሰው ወሬ ነው ያወሩኝ!"

"ታዲያ ስለ ጉልበቴ እንዲያወሩ ልላካቸው?" አሉ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "ከፍ ብላ ልትገድልሽ ነበር አሉኝ። እሷ ከፍ ካላለች፣ መሬቱ ዝቅ ይበል።"

"ማን ቆፈረው?"

"ማን ይቆፍረው? እኔ ነኝ።"

"በዚያ ጉልበት? በጾም? መንደር ሙሉ ጎረምሳ እያለ አንድ ሰው አይጠሩም?"

"ለምንድን ነው ቢሉኝ ምን እላቸዋለሁ?"

ተናድጄ ማርሽ አስገባሁ። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ነው አምበር ላይ ሌላ ጉድጓድ እንደሌለ ትዝ ያለኝ። "የት ነው የሚወርዱት?" አልኳቸው። "አልወርድም" አሉ። "ማርቆስ ደርሰን እንመለሳለን።" እውነትም አልወረዱም። አምበር ላይ፣ የሳቁባቸው ሰዎች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ስናልፍ፣ ከተቀመጡበት እጃቸውን አንስተው ሰላምታ ሰጡ፤ ወዲያው ወደ እኔ ዞረው "ቼ በያት እንጂ!" አሉኝ። በቁጣዬ ላይ ሳቅ መጣብኝ፤ እንባም መጣብኝ። ማርቆስን ዞረን፣ ለስላሳ በመስኮት አስመጥቼላቸው ጠጥተው፣ ወደ ጉድጓዳቸው መለስኳቸው። ራሳቸው በሩን ከፍተው ወረዱ፣ ቆሙ፣ ጋቢያቸውን አጣፉ።

ይቅርታ ግን አላደረግኩላቸውም። ዛሬም ትዝ ባለኝ ቁጥር ያንገበግበኛል። ሦስት ሽማግሌ ሲላክ፣ መኪና ሲነሳና ሲወርድ፣ ልጅ ሲኮረፍ፣ አንዲት "አመመኝ" የምትል ቃል ግን ከአፋቸው አትወጣም!

ጀማሪዎች አሮጌ ስፖርት መኪና ምን ምን እንክብካቤ እንደሚፈልግ ሲጠይቁኝ ዘይት፣ ካንዴላ፣ የጎማ ንፋስ እያልኩ እነግራቸዋለሁ። የማልነግራቸው አንድ አለ። ክረምት ሲገባ የአባቴ ጉድጓድ በጭቃ ይሞላል፤ ደረጃዎቹም ይናዳሉ። ስለዚህ በኋላው ወንበር፣ ሽንኩርት የምጭንበት ቦታ፣ አካፋ አስቀምጫለሁ። ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ፣ በማግስቱ ቶሎ እሄዳለሁ። ከዘገየሁ ለማንም ሳይናገሩ እሳቸው ይጀምሩታል።